የጋሽ ሸረፋ ምርቃት

በመስቃን ገጠር ጋሽ ሸረፋ የሚታወቁት በበርበሬያቸው ሳይሆን በምርቃታቸው ነበር። ሠርግም ይሁን ሽምግልና እሳቸው ካልመረቁ አይዘጋም። እሳቸው ከመረቁ በኋላ ደግሞ አፉን የሚከፍት ሰው እኛ ዘንድ ባለጌ ይባላል። ይህን ልማድ የቀበሌው ካድሬ ተረፈ ከእኛ ይበልጥ ያውቀው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ከቡታጅራ የሚመጣ አምቡላንስ ተመደበላችሁ ተባልን። ደስ አለን፤ ግን ወንዛችን ድልድይ የለውም፣ ክረምት መኪና አያሻግርም። የመጣው ሲሚንቶ ደግሞ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ወይ ለድልድይ ወይ ለመሰብሰቢያ አዳራሽ። ቅድሚያ ለየትኛው ይሁን ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ሁላችንም ድልድይ ልንል ነበር የሄድነው። ጋሽ ሸረፋማ ልጃቸው ፈቲሀ የመጀመሪያዋን አርግዛ ስለነበር፣ የሚናገሩትን ሲያሰላስሉ ነው ያደሩት።

ተረፈ ስለ አዳራሹ ብቻ አንድ ሰዓት አወራ። የበላይ አካል ለበዓል ሲመጣ ዛፍ ሥር አናስቀምጠውም አለ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረና፣ "ጋሽ ሸረፋ፣ ከውይይቱ በፊት እስቲ ይመርቁን" አላቸው።

መርቅ የተባለ ሽማግሌ እንቢ ይላል? እጃቸውን ዘረጉ። "ያሰባችሁትን አላህ ያሳካላችሁ!"

"አሚን!" አልን።

ተረፈ ወዲያው፣ "እንግዲህ አዳራሹ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" አለና መዝገቡን ዘጋ። ጋሽ ሸረፋ ሊናገሩ ቃጡ፤ የገዛ ምርቃታቸውን ማፍረስ ግን አልሆነላቸውም። እኛም ድልድይ ሳንል ወደየቤታችን ሄድን። ፈሪዎች ነን፤ ይሉኝታ እያልን እናሳምረዋለን እንጂ።

ነሐሴ ላይ ፈቲሀን ምጥ ያዛት። በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመናት ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ሞልቷል። አምቡላንሱ ማዶ ቆሟል፤ ሾፌሩ እጁን ሲያወዛውዝ ይታየናል። ደሟ ትከሻዬ ላይ ይወርድ ነበር። ውሃው ሳይጎድል እሷ አለፈች፤ ልጁም በሆዷ እንዳለ።

በዓመቱ በአዲሱ አዳራሽ፣ ስለ ጤና አገልግሎት የሕዝብ አስተያየት እንሰብስብ ብለው ጠሩን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ተረፈም እንደ ልማዱ፣ "ጋሽ ሸረፋ፣ ይመርቁን" አለ።

እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም። "ልጄን በምርቃቴ ነው የቀበርኳት" አሉ። "ዛሬ መጀመሪያ ይወራ።"

ከዚያ እኛን ተራ በተራ አዩን። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ "አዎ፣ ይወራ" ቢል ይበቃቸው ነበር። ተረፈ ከኋላ ወደተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ ዞረ። እሳቸው መረቁ። "አሚን" አልን። ቃሬዛውን የተሸከምኩት እኔም ብያለሁ።