እትዬ ትርንጎ በጆሯቸው የሚያሠሩት ማሽን

ባለፈው አርብ ረፋዱ ላይ እዚህ እስራኤል፣ ካርሜ ጋት የሚባለው አዲስ ሰፈር፣ የመጨረሻዋ ልጄ የኦርሊ ቤት ሄጄ ነበር። በዓላቱ አልፈው ሙቀቱ ግን አልለቅ ብሎን ሰንብቷል። ቤቷ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ሲያዩት የእኛ የድሮው ሰፈር ጣሪያና የውሃ ማሞቂያው በርሜል ሁሉ ተደርድሮ ይታያል። ኦርሊ ሥራዋን ከቤቷ ነው የምትሠራው። እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ስታጎነብስ እኔ ሳህን ጭኔ ላይ አድርጌ ሮማን እፈለፍልላት ነበር።

ከኮምፒውተሩ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ይቆረጣል። ቆይቶ ደግሞ ጢጥ። መጨረሻ ላይ ምን ዓይነት ወፍ ነው የያዝሽው አልኳት።

ሳቀች። ቀስ ብላም አስረዳችኝ። አንዳንዱ ፕሮግራም ለሌላ ዓይነት ኮምፒውተር የተሠራ ነው አለች። በእነኦርሊ ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ እንግዳ ነው፤ የሚፈልገውን በአገሩ ልማድ ይጠይቃል፣ የቤቱ ሲስተም ደግሞ ያንን ልማድ አያውቅም። እሷና ጓደኞቿ መሃል ላይ የሚቆም አስማሚ ይሠራሉ። አስማሚው የእንግዳውን ጥያቄ ተቀብሎ ለባለቤቱ ያደርሳል፣ እንግዳውም አገሩ ያለ ይመስለዋል። ችግር ሲኖር ባግ ይሉታል፤ የሷ ሥራ ያንን እየፈለጉ ማረም ነው።

«የዛሬው ባግ ምን መሰለዎት አባ» አለችኝ። «እንግዳው ድምፅ አሰማልኝ ይላል። አስማሚው እሺ፣ አሰምቻለሁ ይለዋል። ግን አላሰማም። እንግዳው እሺ ከተባለ በኋላ ደግሞ መልሶ አይጠይቅም፤ አምኖ ሥራውን ይቀጥላል።»

ሮማኑ እጄ ላይ ቀረ። ይህችን ነገር አውቃታለሁ። እትዬ ትርንጎ ትዝ አሉኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ከመጣን ጥቂት ዓመት ቢሆነን ነው። ያኔ ፂሜ ጥቁር፣ ወገቤ ቀጥ ያለ ነበር። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካልሲ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር፤ ዛሬ የለም፣ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ቆሟል። እኔ ክር በጋሪ እያመላለስኩ ለማሽኖቹ አቀርብ ነበር። ጠዋት ከሰፈራችን በእግር እንሄዳለን። መንገዱ ዳር ባህር ዛፍ አለ፤ ዝናብ የጣለ ዕለት ሽታው አገሬን ያመጣብኛል፣ የበጋ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ሰው ያኔ መሄድ አይሰለቸውም ነበር፤ ወይ እኔ ወጣት ስለነበርኩ ይሆናል።

እትዬ ትርንጎ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። ባላቸውን አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ ቀብረው ብቻቸውን ነው የመጡት። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ያረጀ የጣሊያን ማሽን ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እየወለወሉ «እንዴት አደርሽ» ይሏታል። ማሽኗን የሚያዛት አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ክር ሊያልቅ ሲል አንድ አጭር ድምፅ ይሰጣል። ተረከዙ ጋ ሲደርስ ረጅም ድምፅ ይሰጥና እሳቸው እጀታውን ያዞራሉ። መርፌ ከተሰበረ ሁለት ፈጣን። ይኸው ሁሉ ስክሪኑ ላይም በቁጥርና በባዕድ ፊደል ይጻፋል። እሳቸው ግን ስክሪኑን ዞር ብለውም አያዩት። ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ቁጥርም ቢሆን። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ዕብራይስጥ በሚያስተምሩን በኡልፓን ከኋላ አብረን እየተቀመጥን ስማቸውን እጽፍላቸው ነበር። ማንበብ የማይችል ከማሽን ላይ ይነሳል የሚል ወሬ ስለነበር ለማንም እንዳልናገር አጥብቀው ነግረውኛል።

ሐምሲን የሚሉት የበረሃ ትኩስ ነፋስ በነፈሰበት አንድ ቀን አሮጌው ኮምፒውተር ጨሰና ሞተ። አዲስ መጣ። ከአዲሱ ጋር ግሪሻ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ሰው አብሮ መጣ፤ መነጽሩ ወፍራም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተሸበሸበ። የድሮውን ፕሮግራም በአዲሱ ሲስተም ላይ የሚያስኬድ አስማሚ ይሠራ ነበር። ደጋግሞ ሞከረ፣ ላቡ ተንጠፈጠፈ። በመጨረሻ ስክሪኑ እንደ ድሮው ሆነ። ማሽኗ ዞረች። ግሪሻ ወደ እትዬ ትርንጎ ዞሮ ደህና ነው ወይ ለማለት «ቤሴደር?» አላቸው።

አንገታቸውን ደፍተው «ቤሴደር» አሉ።

ባደግንበት ቤት እንዲህ ነው። ላንተ ብሎ ሲለፋ የዋለን ሰው ፊት ለፊት ሥራህ አልሆነም ማለት ነውር ነው። ግሪሻ ይህን ከየት ይወቅ፤ ደስ ብሎት ሄደ።

በማግስቱ የእትዬ ትርንጎ ቅርጫት ተረከዝ በሌለው ካልሲ ሞላ። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ እንደ አንጀት። ከማሸጊያው ክፍል የመጣ አንድ ጎረምሳ አንዱን አንጠልጥሎ «እትዬ ትርንጎ፣ ለእባብ ነው እንዴ ካልሲ የሚሠሩት?» አለ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁና ካልሲውን ተቀብለው ከቅርጫቱ ሥር ሸሸጉት። አለቃችን መጥቶ ስክሪኑን በጣቱ እየመታ እዚህ ተጽፏል እኮ አላቸው። «ቤሴደር» አሉት። እሱም ነገ እንዲህ ከሆነ ማሽኗን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯቸው ሄደ።

ምሳ ሰዓት ባህር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ምግባቸውን ከጨርቁ አልፈቱትም።

«ማሽኗ ድምጿን አጥታለች፣ ልጄ» አሉኝ። «ተረከዙ ጋ ደርሳ ዝም ትለኛለች።»

ለግሪሻ ልንገረው ብላቸው እምቢ አሉ። ለምን አታነብም ካለ ምን ይባላል? ብቻዬን ተነስቼ ሄድኩ።

ግሪሻ ጥቁር ዳቦውን በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ኪያር ጋር እየበላ ነበር፤ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። የኔም የሱም ዕብራይስጥ ስባሪ ነው፤ ስባሪና ስባሪ ግን ይግባባል። ድምፁ የለም አልኩት። የሚያስፈልገው ሁሉ ተጽፏል፣ ድምፁን ማን ይፈልገዋል አለኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ የእኔ ስላልሆነ ዋጥኩት።

ከኋላዬ እግር ሰማሁ። እትዬ ትርንጎ ተከትለውኝ መጥተዋል።

«ንገረው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ማንበብ እንደማልችል። እኔ እንዳልነግረው ቋንቋው አይደርሰኝም።»

ነገርኩት። አጭር ነገር ናት።

ግሪሻ ዳቦውን አስቀመጠ። «ሥራዬን ስጨርስ ቤሴደር ነው ወይ ብዬሽ ነበር» አላቸው፤ «አንቺም ቤሴደር አልሽኝ።» ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን አንቱ አድርጌ ተረጎምኩላቸው።

«ሲደክም አየሁት» አሉ። «እንዴት ብዬ አልሆነም ልበለው?»

ይህን ስነግረው ሳቀ። የፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲያይ ቆየና አስማሚውም ያደረገው ይህንኑ እንደሆነ አስረዳን። የድሮው ፕሮግራም ረጅም ድምፅ አሰማ ይለዋል፣ እሱ ደግሞ እንግዳውን እንዳያስቸግር እሺ ብሎ ዝም ይላል። ስሞታ ያቀረበ ስላልነበረ ግሪሻም አላወቀም።

«አንቺም ፕሮግራሜም ጨዋ ናችሁ» አላቸው። «አሁን ሁለታችሁንም ሎ ቤሴደር ማለት አስተምራችኋለሁ።» አልሆነም ማለት ነው።

ማሽኗ ጋ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያስተካክልና ያስጮኻል፣ እትዬ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የመጀመሪያዋን «ሎ ቤሴደር» በሹክሹክታ ነው ያሏት፣ ወዲያው ይቅርታ ለመጠየቅ ወደኔ ዞሩ። ግሪሻ ግን እንደ ምርቃት ተቀበላት። ሁለተኛዋ ጠንከር አለች። አጭሯ ቸኮለች፣ ረጅሟ መሃል ላይ ተሰበረች እያሉ እኔን አስተርጓሚ አድርገው ያርሙታል፤ እሱ «ናኾን፣ ናኾን» እያለ፣ ልክ ነው ለማለት፣ ይጽፋል። አንድ ጊዜማ ቆጣ ብለው «ሎ ቤሴደር» ሲሉ እሳቸውም ራሳቸው ደነገጡ።

በኋላ ረጅሟ ድምፅ መጣች። እጃቸው ዓይናቸው ሳይገለጥ እጀታው ላይ ሄደ።

«ቤሴደር» አሉ።

ግሪሻ አላመናቸውም። ከልብ ነው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ አለኝ።

«ከልቤ ነው በለው» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

አለቃችን ሲመጣ ግሪሻ ጥፋቱ የእኔ አስማሚ ላይ ነበር፣ አሁን ታርሟል አለው። እውነቱን ነው። ሌላ አልጨመረም። አለቃው አንድ ካልሲ አንስቶ እጁን ከተተበት፤ ተረከዙን በጣቱ ዳሶ ወደ ሥራው ሄደ።

እትዬ ትርንጎ ፋብሪካው እስኪዘጋ ከማሽኗ አልተነሱም። ኦርሊ ስትወለድ አውራ ጣት የምታክል ካልሲ ይዘውላት መጥተው ነበር። አሁን በሕይወት የሉም። ግሪሻም ወደ ሰሜን ሄዶ ወሬው ጠፋ።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ግን ብዙ ቤት ያፈረሰው ጠብ ብቻ እንዳልሆነ አይቻለሁ። አንዱ ሳይሆንለት እሺ ይላል፣ ሌላው እሺታውን አምኖ ይሄዳል። ከልብ ነው ወይ ብሎ ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ለኦርሊ ስነግራት እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ታዳምጠኝ ነበር። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ቆይታ ቆይታ ጻፈች፣ ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«እስቲ ይስሙት አባ። ቤሴደር ነው?»

ከጠዋት ጀምሮ የለፋችበት ነው። ዓይኗ ሥር ድካም አየሁ። እሺ፣ ጥሩ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩና ድገሚው አልኳት።

«ሎ ቤሴደር፣ ልጄ» አልኳት። «መጨረሻው ላይ ይቆረጣል።»

ኦርሊ ሳቀች። ወንበሯን ስባ እንደገና ተቀመጠች፣ እኔም ሮማኔን አነሳሁ።