የሚመጣው ዓመት ሞተር

የሺሀረግ አሌክሳንድሪያ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪናዋ ዘይት እስኪቀየር ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ሽማግሌ የዶሮ ክንፍ አጥንት ይመጥጣል፤ በዚህ ሙቀት ባላወለቀው ወፍራም ካፖርት ላይ እጁን ይጠርጋል። ጢሙ ቅባት በቅባት ሆኗል። ስልኩ ላይ አንድ ስኖሞቢል፣ የበረዶ ላይ ሞተር፣ የበረዶ ተራራ እየወጣ ይጮኻል።

«በሚመጣው ዓመት ቱርቦ የሚሉትን ጉልበት መጨመሪያ ሳይገጥሙለት አይቀሩም፣ እህቴ» አላት አፉን እንደሞላ። «ሞተሩንም ያሳድጉታል ይላሉ።»

«እዚህ በረዶ የት አለና ይነዱታል?» አለችው፣ ዝም ቢልላት ብላ።

«እኔማ ከእንግዲህ አልነዳም። አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ስንነዳው ዳገት ላይ ቀጥ ብሎብን በረዶ ውስጥ አደርን። እሱን ማስተካከላቸውን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ይህን ብሎ የዶሮውን ሳጥን ዘረጋላት። እጁን በደንብ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ሦስቱ ጣቶቹ ውርጭ በልቷቸው ከአንጓቸው የሉም፤ የቀሩት ጉማጆች በቅባት ያብረቀርቃሉ። ወንበሯን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገች።

«ይቅርታ፣ ጾም ላይ ነኝ» አለችው።

«ፋሲካ ካለፈ እኮ ገና ሳምንቱ ነው» አለ በቀስታ። ከዚያ ሳጥኑን ይዞ ተነሣና ራቅ ካለው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።