ከሮቤ ሆኖ ጊኒር መግባት

ሮቤ ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ ባለቤቱ ተሸክሞት ወደ ዘይነዲን ሱቅ ይመጣል። ዲንሾ ወይም ጊኒር ሲበላሽ ግን ተነስቶ የሚሄደው ዘይነዲን ነበር። ይህን ሥራ ያስተማረው ሰው የለም። በወጣትነቱ ሬዲዮ እየፈታ ሲገጥም አንድ ቀን የተጣለ ኮምፒውተር አገኘና እሱንም ፈታው። መልሶ ሲገጥመው ሠራ። ከዚያ ወዲህ አልሐምዱሊላህ እያለ በዚሁ ኖረ፤ ልጆችም አሳደገበት።

ባለፈው ክረምት ከዲንሾ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ በጭቃ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣ። ሌሎቹ በጭረት ተረፉ፤ የእሱ ዳሌ ተሰበረ። ብረት ገባለት። ሐኪሙ ምርኩዝ ይዞ እስከ ሱቁ መሄድ እንደሚችል ነገረው፤ መኪና ላይ ተቀምጦ ሩቅ መሄድን ግን እንዲተው ቁርጡን አሳወቀው።

የከተማው ሰው ብዙውን ጉዳዩን በስልኩ መጨረስ ከጀመረ ወዲህ የሮቤ ደንበኛ ሳስቷል። የዘይነዲንን ቤት ያቆሙት የሩቆቹ ነበሩ፤ የዲንሾው የእንግዳ ማረፊያ፣ የጎባው ማተሚያ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጊኒሩ መድኃኒት ቤት። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሃጂራ የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ፣ የትኛው ጊዜው እንዳለፈ የምታውቀው ከኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩን ደግሞ ከዘይነዲን በቀር ማንም ከፍቶት አያውቅም። አሁን ስትደውል «መቼ ትመጣለህ?» ትላለች። እሱ «ኢንሻአላህ» ይላል።

ሚስቱ ረቢያ ከስግደት በኋላ መስገጃው ላይ ሲቆይ ታየዋለች። ምን እንደሚለምን ስለምታውቅ አትጠይቀውም።

ነገሩን ያነሳው ከሱቁ ጎን ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ኃይለልዑል ነው። «እዚህ ቁጭ ብለህ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ የምትገባበት ፕሮግራም አለ አሉ» አለው።

«እሱማ ሞልቷል። ከእኛ ኔትዎርክ ጋር የሚስማማው የቱ እንደሆነ ነው የማላውቀው።»

«በእኔ ኮምፒውተር ሞክረዋ። ድሮም ከግድግዳው ወዲያ ሆነህ ወሬዬን ትሰማለህ፤ አሁን ደግሞ እየው።»

ዘይነዲን ፕሮግራሞቹን በስልኩ ኢንተርኔት እያወረደ፣ ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ሞከራቸው። የመጀመሪያው ግሩም ነበር። ሲከፈት ግን «ለግል ነው ወይስ ለንግድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በነጻ የሚሠራው ለግል ብቻ ነው።

«ለግል በለው፤ ማን ያይሃል?» አለ ኃይለልዑል።

«የሚያየውማ አለ።»

ለንግድ ሲለው ክፍያ ጠየቀው። የሚቀበለው ደግሞ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ካርድ ዘይነዲን ዘንድ የለም። ተወው። ሁለተኛው ቀላልና ፈጣን ነበር፤ የዲንሾው አሮጌ ኮምፒውተር ግን አልጭንም አለ። ሦስተኛው ለማንም፣ ለንግድም ቢሆን፣ በነጻ የተሰጠ ነው። ምስሉ ይጎተታል። ሆኖም የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ፎቶ ሲያጠፋው በደካማ ኔትዎርክም አልተቋረጠም። የሠሩትን ሰዎች በማያውቀው አገር ሆነው አላህ እንዲክሳቸው ለምኖ እሱን መረጠ።

አንድ ነገር ቀረው። ፕሮግራሙ በሁለት መንገድ ያስገባል። ወይ በዚያ ወገን የተቀመጠው ሰው በየጊዜው «ፍቀድ» የሚለውን ይነካል፤ ወይ ቋሚ የይለፍ ቃል ይሰጠውና ማንም ምንም ሳይነካ ይከፈታል። ዘይነዲን ቋሚውን ወሰደ። ሃጂራ በገዢ ስትጠመድም ማንንም ሳያስቸግር ገብቶ ይወጣላ። በስልክ እየመራት ጫነችው፤ በይለፍ ቃሉም ተስማማች።

ብዙም ሳይቆይ የመድኃኒቱ ፕሮግራም ይንቀራፈፍ ጀመር። ዘይነዲን አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከሮቤ ሆኖ ገባ፤ እንደ ልማዱ መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ለብቻው አስቀመጠ፤ ከዚያ ጥገናውን ጀመረ። ሥራው መሃል ላይ ሳለ ስክሪኑ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«ዘይኑ፣ አንተ ነህ እንዴ የገባኸው?» አለች ሃጂራ። «ምሳ ልበላ ቤት ሄጄ አባቴ ነበር የተቀመጠው። ሶኬቱን ነቀለው።»

«ለምን?»

«ማውሱን ሳይነካ ቀስቷ ብቻዋን ስትሄድ አየ። ቢስሚላህ አለ፤ አልቆመችም። ሰይጣን መስሎት አዑዙ ቢላህ ብሎ ነቀለው።»

መልሳ ስታበራው የመድኃኒቱ ፕሮግራም አልከፈት አለ። ፋይሉ በጥገና መሃል ተበላሽቷል። ዘይነዲን «ቅጂ አለኝ፤ ልግባና ልመልሰው» ሲል አባቷ ሀጂ መሀመድአወል ስልኩን ተቀበሏት። በጉብዝናቸው ዘመን ከብት ነጋዴ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ቤቴ ገብተህ ነበር?»

«አዎ ሀጂ፤ ለሥራ ነው።»

«ሰላም ብለሃል?»

ዘይነዲን ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ።

«ከብት እየነዳሁ ያልሄድኩበት የለም» አሉ ሽማግሌው። «የሰው አጥር ጋ ደርሼ ሳልጣራ ገብቼ አላውቅም። ሦስቴ ተጣርቼ መልስ ካጣሁ እመለሳለሁ። ዝናብ እየመታኝ ከነከብቴ ውጭ አድሬአለሁ። አንተን ምን አስቸኮለህ?»

«ሃጂራ ፈቅዳልኝ ነው።»

«ሃጂራ ያኔ ፈቀደች። ዛሬ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ።» ስልኩን ለልጃቸው መለሱላት።

«እስከ ነገ ራስህ ካልመጣህ አባቴ እዚሁ ሰው ጠርቶ ሊያሠራ ነው» አለች ሃጂራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጊዜው ያለፈ ነገር እንዳልሰጥ ፈርቼ መሸጡን አቁሜአለሁ።»

ዘይነዲን ሌላ ሠሪ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል፤ ቅጂውም አብሮ ይሄዳል። የጊኒር ወሬ ደግሞ ከገበያተኛው ጋር ሮቤ ለመድረስ አይቸገርም። ሳይጣራ ሰው ቤት ይገባል የተባለን ሠራተኛ ከዲንሾም ከጎባም ማንም አያስገባውም። በአካል መሄድ ቀርቶበታል፤ ይህም ከተዘጋ ሥራው አበቃለት።

በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ሲለብስ ረቢያ በሩ ላይ ቆመች።

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

«ሐኪሙ ምን እንደምንበላ አልነገረኝም።»

ገባችና ትራስ ይዛ ወጣች። ብብቱ ሥር ሸጎጠችለት።

መናኸሪያ ሲደርስ የጊኒሩ ሚኒባስ ረዳት አወቀው። «ጋሽ ዘይኑ፣ ጠፋህ እኮ። ትራሱም ሊከፍል ነው ወይስ ታቅፈኸው ትሄዳለህ?» ተሳፋሪው ሳቀ። ዘይነዲንም ሳቀ። መኪናው ተነሳ። ገና ከከተማው ወጥተው የስንዴው ማሳ ሲጀምር ሕመሙ ከዳሌው እስከ አንገቱ ወጣ፤ ላብ አጠመቀው። ጥርሱን ነክሶ ጥቂት ሄደ። መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ዓይኑ ጨለመበት።

«ወራጅ አለ» አለ።

ረዳቱ ደግፎ አወረደው፤ አሁን አልቀለደም። ሚኒባሱ ወደ ጊኒር ሄደ። ዘይነዲን መንገድ ዳር ትራሱ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ያ ረቢ» አለ፣ «እግሬን ወሰድክ፤ እጄን ተውክልኝ። ለእጄም የሚገባበት በር አታሳጣኝ።»

ሌላ የሚለምነው አልነበረውም። በዚያ እንደተቀመጠ፣ ስድብ መስሎት የነበረው የሀጂ ቃል ተመልሶ መጣበት። ስንት ጊዜ ጊኒር ሄዷል። አንድም ቀን ከበር ሆኖ ሳይጣራ፣ «ግባ» ሳይባል፣ ኮምፒውተሩ ጋ ደርሶ አያውቅም። ፕሮግራም ሲመርጥ ስለ ኔትዎርኩ አሰበ፣ ስለ አሮጌው ኮምፒውተር አሰበ፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ግን አላሰበም። ሲያልፍ ያየው የፈረስ ጋሪ ነጂ ከነትራሱ ጭኖ በእርምጃ ሱቁ አደረሰው።

ለሀጂ ደወለ። «ሀጂ፣ አጥፍቻለሁ። አሁን ሃጂራ የይለፍ ቃሉን ትሰርዘዋለች። ከእንግዲህ በሩን የሚከፍት በዚያ የተቀመጠ ሰው ነው። እኔ ስጣራ ስክሪኑ ላይ ሁለት ምልክት ይመጣል፤ አረንጓዴው ግባ ነው፣ ቀዩ ተመለስ።»

«ቀዩን ብነካውስ?»

«እመለሳለሁ።»

«ዝም ብልስ?»

«ሦስቴ እጣራለሁ። ከዚያ በኋላ አልጣራም።»

ሽማግሌው እሺም እምቢም ሳይሉ ስልኩን ዘጉ። ትንሽ ቆይታ ሃጂራ ደውላ የይለፍ ቃሉን መሰረዟን፣ አባቷ ወንበሩን መያዛቸውን ነገረችው።

ዘይነዲን ጥሪውን ላከ። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ዞራ ዞራ ጠፋች። ደግሞ ላከ። አሁንም ጠፋች።

«ኔትዎርኩ ይሆናል» አለ ኃይለልዑል የሱቁን መቃን ተደግፎ።

«ኔትዎርኩስ አለ።»

ሦስተኛውን ላከና እጁን ከኮምፒውተሩ አንስቶ ጭኑ ላይ ዘረጋው። ክቧ ዞረች። ኃይለልዑል ቀስ ብሎ አማተበ። ክቧ ልትጠፋ ስትል ቆመችና የጊኒሩ ስክሪን ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ መታየት ጀመረ። ዘይነዲን ቀስቷን አልነካትም። ስልኩ ጮኸ።

«ዝም ስልህ አጥር ትዘል እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አሉ ሀጂ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሀጂ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ሴኒ፣ ግባ። ሶኬቱን እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ዘይነዲን ቢስሚላህ ብሎ ቀስቷን ቀስ አድርጎ ወሰዳት። ቅጂው ካስቀመጠበት ቦታ ነበር።