ከነስሩ የተዋስኩት ሚሞሪ

ዛሬ ዱባይ ተራ፣ የነስሩ ሱቅ በር ላይ ስድስት ሰው ተሰልፎ አየሁ። አጠገቡ ያለው የኔ ሱቅ ውስጥ የነበረው ዝንብ ብቻ ነው።

ሰዉ የሚፈልገው የኮምፒውተር ሚሞሪ ነው። ከገበያ ጠፍቷል። አስመጪዬን ስጠይቀው «ፋብሪካዎቹ ምርት አንጨምርም ብለዋል። ድሮ ጨምረው ዋጋ ወርዶባቸው ከስረዋል» አለኝ። እነሱ ፈርተው እኔ ጦሜን ልደር?

ነስሩ ግን ከምን አለሽ ተራ የተጣሉ ኮምፒውተሮች እየገዛ ሚሞሪያቸውን ሲነቅል ነው የከረመው። «ቆሻሻ ለቃሚ» እያልኩ የሳቅኩበትም እኔው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የቆየ ደንበኛዬ ሚሞሪ ፈልጎ መጣ። «የለኝም» ብዬ ለነስሩ አሳልፌ ልስጠው? ሞቼ ነው ቆሜ! የመርካቶ ሰው እንደሚያደርገው «ቁጭ በል፣ ከመጋዘን ላምጣልህ» ብዬ በጓሮ በኩል ነስሩ ጋ ሮጥኩ።

«ውሰድ ወንድሜ፣ ስታገኝ ትመልሳለህ» አለኝ። ደግነቱ ራሱ አበገነኝ።

ሱቄ ተመልሼ ሚሞሪውን ገልበጥ ባደርገው በቀይ ማርከር የተጻፈች «ደ» አለች። ፈትሼ የማስቀምጠው ሚሞሪ ላይ ሁሉ የማደርጋት የራሴ ምልክት! አምና ሱቁን ሳጸዳ አሮጌ ኮምፒውተሮቼን ከነሚሞሪያቸው ለቆራሌው ሰጥቼ ነበር።

ደንበኛዬ «ይሠራል ግን?» አለኝ።

«በገዛ እጄ የፈተሽኩት ነው» አልኩት። ዛሬ ከአፌ የወጣችው እውነት ይቺ ብቻ ናት።

እናንተስ፣ የጣላችሁትን ጎረቤት አንስቶ ሲከብርበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን በቅናት አልሙት።