ሰው የማይሰማው ድምፅ

የሞጣ ልጅ ነኝ። አምና ቢቸና የሄድኩት የአእምሮ ጤና መጠይቅ ለማስሞላት ነበር። መጠይቁ ከፈረንጅ አገር ተተርጉሞ የመጣ ስለሆነ፣ እኔኑ ራሴን የሚያደናግሩኝ ጥያቄዎች አሉበት። ቤት ለቤት ይዞኝ የሚዞረው የቀበሌው ሰው ጋሽ ደሴ አንድ በር ላይ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እዚህስ ጊዜህን አታቃጥል፤ እትዬ ጥሩወርቅን ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል" አለኝ።

እኔስ የመጣሁት ለዚሁ አይደል? ገባሁ። እሱም ተከትሎኝ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። መጠይቁ "ለብቻቸው ይጠየቁ" ይላል፤ "ውጣልኝ" ለማለት ግን አፈርኩ።

"እማማ፣ ሊፍት ያስፈራዎታል?"

"ሊፍት የማን ልጅ ነው?"

ጋሽ ደሴ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ላብ አጠመቀኝና ቶሎ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

"ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል?"

"አዎ" አሉ፣ ሳያመነቱ።

ጋሽ ደሴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ "አላልኩህም?" ማለቱ ነው። እኔም በሽታ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

"ምን የሚል ድምፅ ነው?"

"'ኧረ የሰው ያለህ! ገደለኝ!' የሚል የሴት ድምፅ። ከጎረቤት ነው የሚመጣው። ሰፈሩን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ሁሉም 'አልሰማንም' አሉኝ።"

"ጎረቤትዎ ማን ነው?"

ነጠላቸውን አስተካከሉና በአገጫቸው ወደ ጋሽ ደሴ አመለከቱኝ።

"እሱን ጠይቀው እንጂ ልጄ፤ ከኔ ይልቅ ለድምፁ እሱ ይቀርባል።"