ቤቱን ሊገዙ የመጡ እንግዶች

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ በገበያው መሃል ሳቋርጥ የበሰለ ዘይቱን ሽታ ድንገት መጥቶ አፍንጫዬን ሞላውና ቆምኩ። ሻጯ «ስንት ልመዝንልሽ?» አለችኝ፤ በዚያች ቅጽበት ግን እኔ ከሀገሬ በመኪና ሁለት ቀን በምትርቀው በዚህች የደቡብ ከተማ ሳይሆን መርሳ፣ እማ ዘሀራ ግቢ፣ ከሁለቱ ዘይቱኖች ሥር ነበርኩ። የበሰሉ የበሰሉትን መርጬ ገዝቼ ቤቴ ገባሁና ሳልበላቸው መስኮቱ ላይ ደርድሬ፣ ያንን ግቢ እስከ ዛሬ ላቆመልን አምላክ ምስጋናዬን አደረስኩ።

ግቢው የእኛ አልነበረም፤ ተከራዮች ነበርን። አባቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ መርሳ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ ሲመደብ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር ይሉኛል። እኛ የጓሮውን ሁለት ክፍል፣ አከራያችን እማ ዘሀራ የፊቱን ቤት ይዘን እንኖር ነበር፤ በአስፋልቱ በኩል ደግሞ የአንድ ልጃቸው የሰይድ ወፍጮ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳችን ይንቀጠቀጥ፣ የምሽቱ ሽሯችን ላይ ሳይቀር የማሽላ ብናኝ ያርፍ ነበር። ሰይድ ወፍጮውን የገዛው የእናቱን ቤት አስይዞ ከባንክ ተበድሮ ነው። እማ ዘሀራ «ወለድ ያለበት ነገር በረካ የለውም» እያሉ ልባቸው ባይወደውም፣ ልጅ ነውና እሺ ብለው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈርመውለት ነበር። እኔን ከልጃቸው ለይተውኝ አያውቁም፤ እናቴ ብርቱ ስትቆጣኝ ሮጬ እሳቸው ቀሚስ ውስጥ እገባ ነበር፤ እሳቸውም «ተያት፣ ብርቱ፤ የአላህ እንግዳ ናት» ይሏት ነበር።

እኔ ማንበብ በለመድኩበት ዓመት፣ በክረምቱ፣ ጦርነቱ መጣ። ማሽላው ገና ከጉልበት ሳያልፍ፣ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከወልድያ በኩል እየቀረበ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ያለውን በጀርባው አዝሎ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። እማ ዘሀራ በሩን ቆልፈው ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ከእኛ ጋር ተነሡ፤ ሰይድ ዕቃ ተሸክሞ፣ አባቴ እኔን አንዳንዴ እያዘለ፣ በውርጌሳ አድርገን በእግር ሄድን። ከዚያ በኋላ በሰው ሀገር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ስንተኛ ከረምን። አከራይና ተከራይ መሆናችን እዚያ ቀረ። እሳቸው በአንዱ ጥግ ሲሰግዱ እናቴ በሌላው ጥግ ውዳሴዋን ትደግም ነበር፤ ሁለቱም የሚለምኑት ስለዚያው ግቢ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። በሮቹ ተነቅለዋል፣ ዕቃው ባዶ ሆኗል፤ ጣራውና ግድግዳው ግን ቆሟል። ወፍጮው ክፍል ስንገባ ሞተሩ የለም፤ ከሲሚንቶው መሠረት ላይ የቀሩት የታሰረባቸው ብሎኖች ብቻ ነበሩ። ሰይድ ብሎኖቹን በእጁ እየዳሰሰ ቆሞ ቀረ። ዘይቱኖቹ ግን እንደ ወትሮው አፍርተው፣ የሚለቅማቸው ጠፍቶ መሬቱን አልብሰውት ነበር። እማ ዘሀራ አንዱን አንሥተው በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጡኝና «አልሐምዱሊላህ፤ ነፍስ ይበልጣል» አሉ። አባቴ ደመወዙ ሲለቀቅ ባልነበርንበት ጊዜ ያለውን ኪራይ ሊከፍላቸው ቢሄድ ተቆጡት። «ያልኖርክበትን ምን ብዬ ልቀበልህ? ለዚያ ትምህርት ቤት ስጠው!» ሰይድ ከጥምቀት በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ አፋር እርሻ ወረደ።

በየካቲት አንድ ሰው መጥቶ መልሰን በገጠምነው የግቢያችን በር ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፈ። እማ ዘሀራ ማንበብ አይችሉም ነበርና እኔን ጠርተው «አንብቢልኝ» አሉኝ። ብድሩ ባለመከፈሉ ቤቱ በሐራጅ እንደሚሸጥ፣ መግዛት የሚፈልግም ቀድሞ መጥቶ ማየት እንደሚችል ይላል። አንብቤ ስጨርስ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ልትገነጥለው እጇን ስትሰድ እማ ዘሀራ ያዟት፤ «ተይ፤ የሰው ነው፤ አይነካም።» ቤቱ ከተሸጠ እሳቸው የዘመድ ጥገኛ ሊሆኑ፣ እኛም የሚከራይ ቤት በጠፋበት ከተማ፣ ከስደት በተመለስን በሁለት ወራችን ደግመን ልንሰደድ ነው። እናቴ በዚያ ሰሞን የገዛችውን ድስት ከካርቶኑ ሳታወጣ አስቀምጣው ነበር፤ ለምን ብላት «አታውቂም አንቺ» ብቻ አለችኝ።

የመጀመሪያው ገዢ ከወልድያ የመጣ ቦርጫም ባለመኪና ነበር። በሩን በመኪናው ቁልፍ አንኳኩቶ «ቤቱን ለማየት ነበር» ሲል እናቴ ጓዳ ገባች። እማ ዘሀራ ግን «መርሐባ! ግባ የኔ ልጅ፤ ፀሐይ ላይ ምን አቆመህ?» ብለው፣ ሞተሩ ከነበረበት መሠረት ላይ አጎዛ አንጥፈውለት «ትርንጎ፣ የእጅ ውሃ!» አሉኝ። የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥ ቀረበ። ሰውዬው ተቸገረ።

«እናት፣ እኔ እኮ የመጣሁት…»

«አውቃለሁ፣ ወረቀቱ በር ላይ አለ። ብላ፤ ሰው ስለበላ ግድግዳው አያጥርም።»

በላ። ከየት እንደመጣ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ እናቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁት፤ ሁሉንም መለሰ። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ክፍሎቹን ሳያይ፣ ከበሩ ላይ ወደ ጣራው አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ «በሉ ደህና ሁኑ፤ ዱአ አርጉልኝ» ብሎ ወጣ። እናቴ ገና መኪናው ሳይነሳ «እማ ዘሀራ፣ ጅብ ሲመጣ በር ተከፍቶ ይጠበቃል እንዴ?» አለች። እሳቸው ገበታውን እያነሡ፣ «ጅቡስ ርቦት አይደል የሚመጣ» አሉ።

ሁዳዴ ገባ። ሁለተኛዋ ገዢ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ማተቧ እየታየ መጣች። እማ ዘሀራ አዩዋትና ወደ ጓሮ ጮኹ፤ «ብርቱ! እንግዳዬ ጾመኛ ናት፤ የእኔ ድስት አይሆናትም፤ ከቤትሽ የሚቀመስ አምጪ!» የእናቴን ፊት አሁንም አየዋለሁ። ከቤቷ ልታስወጣት ለመጣች ሴት ሽሮ ልትሠራ ነው። እምቢ ማለት ግን አይቻልም፤ እንግዳ ናት። አዲሱን ድስት ከካርቶኑ አወጣችው፤ ሽንኩርቱን ስትከትፍ ቢላዋው ከወትሮው ይጮኽ ነበር። ነጋዴዋ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው እንጂ አልቀምስም ብላ ስለነበር ተጠበቀች፤ ስትጠበቅም ወሬ መጣ። ሱቋ በጦርነቱ መዘረፉን፣ ልጆቿን ይዛ በእግር መውጣቷን ነገረችን፤ ያደረችበትን መንገድ እናቴም አድራበት ኖሮ ዛፉን ሳይቀር ተነጋገሩ። ነጋዴዋ ጎርሳ ስታበቃ እናቴን ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ «እናንተስ ቤቱ ቢሸጥ ወዴት ናችሁ?»

«እግዜር ያውቃል፣ እኅቴ» አለች እናቴ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

በእኛ ሀገር እህል ቀምሰው የወጡበትን ቤት መድፈር ነውር ነው፤ ይህን ማንም ተናግሮ አያስተምረውም። የሐራጁ ቀን አባቴ ሄዶ ከኋላ ቆሞ ዋለ። ሲመለስ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ «ማንም አልመጣም» አለ፤ እናቴ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ደስታው ግን ግማሽ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛ ሐራጅ ተቆርጧል፣ በዚያም ገዢ ከጠፋ ባንኩ ራሱ ይረከበዋል። እንዲያም ሆኖ እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠች። ጠዋት ሽሮዋን ጥዳ በሩን ከፈት አድርጋ «ዛሬ ደግሞ ገዢ የለም እንዴ?» ትል ጀመር፤ አባቴም «ሆቴል ከፈትሽ መሰለኝ» እያለ ይስቅባት ነበር።

የዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ግቢው ሙሉ ጾመኛ ነበር። ሦስተኛው ገዢ የመጣው ያኔ ነው። እንድሪስ የሚባል የውርጌሳ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር፤ መለኪያ ሜትሩን ይዞ፣ አመሻሹ ላይ፣ እየሣቀ ገባ። እማ ዘሀራ ገና «መርሐባ» ሲሉ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እማ፣ አይቸገሩ፤ ጾም ነኝ። እዚያ ቤት የገባ ጠግቦ እንጂ ገዝቶ አይወጣም ብለውኛል፤ እኔን ግን ረመዳን አወጣኝ!»

«አጂብ!» አሉ እማ ዘሀራ፣ ከልባቸው ደንግጠው፤ «እንዲህ ተብሎ ይወራል?»

እሱ ግን ሥራውን ጀመረ። «ጫፉን ያዢልኝ፣ የኔ እናት» አለኝና የሜትሩን ጫፍ ከአልጋዬ ራስጌ ግድግዳ ላይ ተጭኜ ያዝኩለት፤ እሱ ወደ ኋላ እየሄደ «ይሄ ይፈርሳል፣ መጋዘን ይሆናል» ይላል። ግቢው ውስጥ ወጥቶም ዘይቱኖቹን አየና «እነዚህ ለመኪና መግቢያ ይቆረጣሉ» አለ። እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗን ከእሳቱ አላነሣችም። የምተኛበትን ክፍል ሊያፈርስ ለመጣ ሰው ሜትር መያዜ ገባኝ፤ ግን አልለቀቅኩም፤ ታላቅ ሰው ያዘዘኝ ነዋ።

ሜትሩን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል የበልጉ ዝናብ ወረደ። ወርዶም አላባራ፤ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከተራራው የመጣው ጎርፍ በሩ ፊት ቡናማ ሆኖ ያልፍ ጀመር። እንድሪስ ከወፍጮው ክፍል ተጠልሎ ቆሞ ሳለ፣ በዝናቡ መሃል ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። እማ ዘሀራ አንዲት ተምርና ውሃ በሳህን አድርገው ሰጡኝ፤ ወስጄ ፊቱ ቆምኩ። እሱ ተምሯን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝናቡን አየ። ሰዓቱ ደርሶ ማፍጠርን ማዘግየት አይወደድም፤ ይህን ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

«ቢስሚላህ» ብሎ ወደ አፉ አደረጋት። ካላመጣት በኋላ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሣቀ ነበር። «ወላሂ፣ በአንዲት ተምር ተሸነፍኩ!»

ከዚያማ ሾርባው መጣ፤ የእናቴ ሽሮም ተጨመረ። ዝናቡ ሲያባራ እንድሪስ ሣቁን ትቶ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ሰይድ፣ ስለ ብድሩ ጠየቃቸው፤ ነገሩት።

«ታዲያ ባንክ ሄደው አነጋግረዋቸዋል?»

«በምን ዓይኔ ልያቸው፣ ልጄ? የሰው ገንዘብ በልቼ?»

«እማ፣ የበላው ጦርነቱ ነው! ንብረቱ በጦርነት ለጠፋበት ሰው ጊዜ ይሰጣሉ፤ ለወንድሜም ሰጥተውታል። ግን ሲጠየቁ ነው፤ በር ላይ መጥተው አይሰጡም።»

እማ ዘሀራ አለቀሱ። ወረቀቱ ከተለጠፈ ጀምሮ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የሻሻቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ይዘው «በእፍረት ልጠፋ ነበር» አሉ።

በማግሥቱ እንድሪስ፣ አባቴና የቅሬው ሽማግሌዎች እማ ዘሀራን ይዘው ባንክ ሄዱ። ቅሬ ማለት ሰፈሩ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል በሐዘንና በችግር የሚደጋገፍበት ማኅበራችን ነው። እኔና እናቴ በሩ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። በአስፋልቱ ሲመጡ ከሩቅ የማንንም ፊት መለየት አቃተኝ፤ እንድሪስ ግን ገና ሳይደርስ እጁን አውለብልቦ «አብሽሩ!» ብሎ ጮኸ። ሐራጁ ተነሥቷል፣ ዕዳው በብዙ ዓመት ቀስ እያለ እንዲከፈል ተፈቅዷል፣ አባቴም ኪራያችንን በየወሩ በቀጥታ ለዚያው ሊያስገባ ተስማምቷል። እናቴ የሕማማት ሰሞን መሆኑ ትዝ ቢላት እልልታዋን በነጠላዋ አፏ ላይ አፈነችው፤ ዓይኗ ግን አላፈነውም። እኔ ክፍላችን ገብቼ፣ ሜትሩን ተጭኜ የያዝኩበትን ግድግዳ በመዳፌ ነካሁት።

ወረቀቱን እማ ዘሀራ አሁንም አላስነኩንም፤ የባንኩ ሠራተኛ መጥቶ እስኪያነሣው ድረስ ቆየ፤ እሱም ሾርባ ጠጥቶ ነው የሄደው። ለዒድ እንድሪስ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ላከ። ክረምት ሲገባ ሰይድ ከአፋር ተመለሰ። ዕዳው ከዓመታት በኋላ ተከፍሎ አለቀ፤ ወላጆቼም እስከ ዛሬ እዚያው ጓሮ ውስጥ ናቸው፤ ተመስገን።

አንድ ጊዜ ለእረፍት ስሄድ፣ ያን ሁሉ ገዢ ያበሉት አውቀው እንደሆነ እማ ዘሀራን ጠየቅኳቸው። «ምኑን?» አሉኝ፤ ገብቷቸው ግን ፈገግ አሉ። «ቤቱን ማቆየት የአላህ ነው፤ ማብላት የእኔ ነው። የራሴን ሠራሁ።»

አሁን እኔም እዚህ ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በወር አንድ ጊዜ በስልክ እንገናኛለን። በቅርቡ ግቢውን ሊሸጡት አሰቡና አንድ ወጣት ደላላ ሊያየው መጣ። እዚህ ቤት የሚሸጠው በስልክ ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ አይርበውም። ልጁ እየተዘዋወረ ሲያነሣ፣ እኔ ሳላስበው ተነሥቼ ሽሮ ጥጄ፣ የእጅ ውሃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እህቴ፣ ቸኩያለሁ» አለኝ፤ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ሽታው ደረሰው መሰለኝ ወደ ጓዳዬ አየት አደረገ።

«ግባ፣ የኔ ወንድም» አልኩት፤ «ሰው ስለበላ ግድግዳው አያጥርም።»