የሰይድ እርምጃ

መጀመሪያ ያመመኝ ሥላሴ አጥር ጥግ ነው። ግራ ቅልጥሜ ላይ፣ በአውራ ጣት የምትሸፈን ቦታ፣ ጠቅ አደረገኝ። ብርድ ነው ብዬ ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሮጥኩት ከጎረቤቴ ከሰይድ ጋር ነው። ሰይድ እሪ በከንቱ ሰፈር ያደገ ሰዓት ሠሪ ነው፤ በየሰው ቤት ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም። ሯጮች እንደሚያደርጉት እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን፣ እግሩን እያየሁ እሱ በረገጠበት እረግጣለሁ። «አጭሬ፣ ጥላዬን እንዳትረግጣት!» ይለኝ ነበር። በቁመቴ የቀለደብኝ ሰው ብዙ ነው፤ የሱን ግን እወደው ነበር።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ለሰይድ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው። የኔ ቤት ያለበት መደዳ ሳይነሣ ቀረ። በሄደ በነጋታው ጫማዬን አስሬ ወጣሁ። ምኒልክ አደባባይ ስደርስ ከፊቴ የማየው እግር አልነበረም።

ሕመሙ ባሰ። ስሮጥ ያመኛል። ከዚያ ስቆም። ከዚያ ተኝቼም። ቅባት ቀባሁ። ወጌሻ አሸኝ። ባሰብኝ። አንድ ጠዋት እግሬ አልረግጥ አለ። ደጄ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ድሮው የምጠራው ሰይድ አልነበረም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ራጁ ምንም አላሳየም። ኤም አር አይ አሳየ።

«ስትረስ ፍራክቸር ነው። የቅልጥም አጥንትዎ ተሰንጥቋል» አለችኝ ዶክተሯ።

ዳግም እሮጥ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አሁን ቃል አልገባልዎትም።»

ክራንች ይዤ ቤት ዋልኩ። ስልኩ አጠገቤ ነበር። አልደወልኩም። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው የእግሬን ሕመም ማውራት አሳፈረኝ።

ክራንቹን ካስቀመጥኩ በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ ትሬድሚል ላይ አውጥቶ፣ መጀመሪያ በእግር ጉዞ፣ ከሳምንታት በኋላ በሶምሶማ፣ እግሬን በስልኩ እየቀረጸ አስሮጠኝና ምስሉን አዘግይቶ አሳየኝ።

«ሰው ሲፈጥን እርምጃው ይረዝማል፤ ሲዘገይ ያጥራል። እርስዎ በሶምሶማ ፍጥነት የፈጣን ሯጭ እርምጃ ነው የሚወረውሩት። እግርዎ ከፊትዎ ርቆ ስለሚያርፍ ምቱ ቅልጥምዎን ይጎዳዋል። ከማን ለመዱት?»

ከማን እንደለመድኩት ወዲያው ገባኝ፤ ሰይድ ከሄደ ወዲህ ፍጥነቴ ወርዶ ነበር፣ እርምጃዬ ግን የሱው ነበር፤ ካሳጠርኩት እሱ የእውነት የሄደ ሊሆን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ደወልኩለት። «እግሬ ተሰበረ» አልኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት።

«አጭሬ፣ እኔ እኮ እዚህ መሮጥ ትቻለሁ» አለኝ። «ከኋላዬ ኮቴ ካልሰማሁ አልችልም።»

አሁን በወር አንድ እሁድ ይመጣል፤ ከፊት የምሮጠው እኔ ነኝ፣ ቶሎ ቶሎ በሚረግጠው አጭር እርምጃዬ፣ እሱም ከኋላዬ እየተደናቀፈና እየተራገመ። ሌላውን ጠዋት ብቻዬን ነኝ፣ ይከፋኛልም፤ ቅልጥሜ ግን አያመኝም። ፈጣሪ ይመስገን፤ ለዶክተሯና ለፊዚዮቴራፒስቱም እድሜ ይስጥልኝ።

ቅልጥማችሁ አንድ ቦታ ላይ ሲነካ የሚያማችሁ ሯጮች፣ አትታሹ፣ በሐኪም ታዩ። ስትዘገዩ እርምጃችሁን አሳጥሩ። ሰው ከናፈቃችሁ ደግሞ ደውሉለት። እኔ ለመደወል አጥንቴ እስኪሰነጠቅ ጠበቅኩ።